የአኪለስ ሕመም 5 ወር አልለቅ ያላት ሯጭ፤ ዕረፍቱ ለምን አላዳናትም?

አሰልጣኝ ከሱሉልታ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር የምፈልገው ስለ አንዲት የግማሽ ማራቶን ሯጭ ነው። ዕድሜዋ 23፣ ክብደቷ 51 ኪሎ ነው። የግራ እግሯ አኪለስ (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው ጅማት) ከተረከዟ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወፍሯል፤ በሁለት ጣት ያዝ ሲያደርጉት ያማታል። የጀመራት በሳምንት ሁለት ቀን ዳገት እየሠራች ሳለ የትራክ ልምምድ በስፓይክ (ሥሩ ሹል ጥርስ ባለው የመሮጫ ጫማ) ስንጨምርበት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ስትነሳ ያማትና ከ10 ደቂቃ ሶምሶማ በኋላ ይጠፋ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሦስት ሳምንት ሮጠችበት።

አሁን 5 ወር ሆናት። 6 ሳምንት ሙሉ አረፈች፣ ሕመሙ ጠፋ፤ በተመለሰች በ4ኛው ቀን ተነሳባት። ደግማ 4 ሳምንት አረፈች፤ ያው ሆነ። በአልትራሳውንድ ታይቶ «ወፍሯል እንጂ አልተቀደደም» ተብላለች። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ 20 ደቂቃ ያህል ታነክሳለች። ወጌሻ በየሁለት ቀኑ ጅማቱን ያሽላታል፣ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለች፤ አሁን ደግሞ ስቴሮይድ መርፌ ትወጋ የሚል ሐሳብ መጥቷል።

ይህን ያህል አርፋ ለምን አልዳነችም? ምን ዓይነት ሥራ፣ በስንት ኪሎ፣ በሳምንት ስንት ቀን ትሥራ? ወደ ሩጫ የምትመለስበትን ጊዜስ በምን ልወቅ? ልጅቷ ከቡድኑ ከተለየች ወዲህ ዝም ብላለች፤ ስልክም አታነሳም። እሱ ደግሞ ከጅማቱ በላይ አሳስቦኛል።


ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

አሰልጣኝ፣ ከነገሩን ሁሉ ዋናው ፍንጭ ሲሞቅ መጥፋቱና ጠዋት ማነከሷ ነው። የአኪለስ መሀለኛ ክፍል ሕመም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ቦታውም ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሆነ ይገጥማል። ሲሞቅ መጥፋቱ ሯጩን ያታልለዋል። ትክክለኛው ምላሽ የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ዕረፍቱ ያልሠራው ለምን መሰለዎት? ስትሮጥ አኪለሷ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቷን ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይሸከማል። በ51 ኪሎ ሲሰላ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ነው። 6 ሳምንት ስታርፍ ሸክሙ ስለቀረ ሕመሙ ተኛ፤ ባቷና ጅማቷ ግን በዚያው ጊዜ ደከሙ። ስትመለስ የጠበቃት ሸክም የድሮው ሲሆን የሚሸከመው እግር ግን የድሮው አልነበረም። ሁለተኛው ዕረፍት ደግሞ ከመጀመሪያው በባሰ ድካም ላይ የተጨመረ ነው። ጅማት የሚጠነክረው ተመጥኖ ሲጫን ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛ ዕረፍት አያስፈልጋትም።

ዛሬውኑ አንድ ነገር ይለኩ። ጫማ አድርጋ፣ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ግድግዳ ላይ አስነክታ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን እስከ መጨረሻው ታንሳና ታውርድ። ከፍታው ሲቀንስ ወይም ጉልበቷ ሲታጠፍ ቆጠራው ይቆማል። ግራውንም ቀኙንም ይጻፉ። የረጅም ርቀት ሯጭ በእያንዳንዱ እግር ቢያንስ 25 ልታነሳ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሥራ ይዞ መቆየት ነው። በሁለት እግሯ ተረከዟን ግማሽ ድረስ አንስታ 45 ሰከንድ ትያዝ፣ 2 ደቂቃ ትረፍ፤ 5 ጊዜ፣ በየቀኑ። በሁለት እግር ከቀለላት በግራው ብቻ ትያዝ።

ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ከባድና ዘገምተኛ ሥራ ይገባል፤ በሳምንት 3 ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ለመውጣት 3 ሰከንድ፣ ለመውረድ 3 ሰከንድ። ጅማት ከከባድ ሥራ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ያህል የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው ኋላ ላይ ነው የሚያይለው። በየቀኑ ከባድ ሥራ የማላዘው ለዚህ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው በቀን 180 ጊዜ ተረከዝ የማውረድ ሥራም ለብዙዎች ይሠራል፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሆነው ግን በኋላ ከሩጫው ጋር ለማጣመር ይቀላል።

ሥራው ሁለት ዓይነት ተረከዝ ማንሳት ነው። አንደኛው ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ቆሞ የሚሠራ ነው። ጂም ከሌለ ጠንካራ የጀርባ ቦርሳና ጀሪካን ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ መጨመሪያው በሊትር ይቆጠራል፤ በባዶ ሰውነት ትጀምር፣ ከዚያ ባለ 5 ሊትር፣ ከዚያ 10፣ መድረሻው ከ20 እስከ 25 ኪሎ። ጀሪካኑ እስከ አፉ ይሞላ፤ ጎደሎ ከሆነ ውሃው ሲዋልል ሚዛኗን ያሳጣታል። በአሸዋ ከሆነ ሊትሩ 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን መጀመሪያ በሚዛን ይታይ። ሁለተኛው ሥራ ጉልበት ታጥፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ከትልቁ የባት ጡንቻ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ጡንቻ የሚያነቃው እሱ ነው፤ በሩጫ ጊዜ ትልቁን ሸክም የሚይዘውም ይኸው ጡንቻ ነው። ጉልበቷ አጠገብ ጭኖቿ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ 25 ኪሎ፣ ቀጥሎ ግማሽ ኩንታል እህል ይጫን። ሲጫንም ሲነሳም ሰው ይርዳት።

መጠኑ፦ 3ኛና 4ኛ ሳምንት 3 ዙር በ15፣ 5ኛና 6ኛ 3 ዙር በ12፣ 7ኛና 8ኛ 4 ዙር በ10፣ እስከ 12ኛው 4 ዙር በ8፣ ከዚያ በ6። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ኪሎው መውጣት አለበት። ዙሩ ሲያልቅ «ሁለት እጨምራለሁ» ካለች ሸክሙ ቀላል ነው ማለት ነው።

በሥራ ላይ እያለች፣ ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር መለኪያ እስከ 5 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ። ይህን ለልጅቷ አስረግጠው ይንገሯት፤ «ካመመሽ አቁሚ» ተብላ ያደገች ሯጭ ሕመም በተሰማት ቁጥር ጅማቷ የተቀደደ ይመስላታል።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ነው። በ1 ሰከንድ ብድግ ብድግ ካለች የሚሠራው ፍጥነቱ እንጂ ጅማቱ አይደለም፤ ስልክ ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) ይከፈት። ወጌሻው ባቷን ቢያሽ ጥሩ ነው፤ የወፈረውን ጅማት በአውራ ጣት መጫን ግን ይቁም፣ የተቆጣውን ያስቆጣዋል። ደረጃ ላይ ተረከዝን አንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ መሳሳብም እንዲሁ። ሕመሙ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳይሆን ተረከዝ አጥንቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተረከዟን ከደረጃው በታች ማውረድ ጨርሶ እከለክል ነበር፤ ጅማቱ አጥንት ላይ ስለሚጫን ሥራው መሬት ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን ልዩነት ሳያዩ የሌላ ሯጭ ፕሮግራም ገልብጠው የተጎዱ ብዙ ናቸው።

አልትራሳውንዱን በየወሩ አያሳዩ። የጎልማሳ ሰው የጅማት እምብርት እምብዛም አይታደስም፤ ውፍረቱ ከዳነች በኋላም ሊቀር ይችላል።

ድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማና በግራ ጣቶቿ መቆም ካቃታት፣ ወይም ባቷ አብጦ ከጋለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ተረከዟ ግራና ቀኙ በመዳፍ ሲጨመቅ የሚያማት ከሆነም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።


የረጅም ርቀት አሰልጣኝ፣ አሰላ

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የተፈጠረበትን ቦታ ራስህ ተናግረኸዋል። ዳገት ተረከዝን ዝቅ አድርጎ ጅማቱን ይለጥጣል፤ ስፓይክ ተረከዙ ጠፍጣፋ ስለሆነ ያው ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ስትደርብ ጅማቱ የሚያርፍበት ቀን አጣ። ስለዚህ ስትመለስ ዳገትና ስፓይክ የመጨረሻዎቹ ይሁኑ።

የመመለሻው ቀን በካላንደር አይቆረጥም። 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በሰላም፣ በግራ እግር 20 ተረከዝ ማንሳት፣ በግራ እግር ባለችበት 20 ዝላይ ከ10 ከ3 ባልበለጠ ሕመም፤ ሦስቱ ሲሟሉ ትጀምራለች። ከዚያ፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ 1 ደቂቃ እርምጃ 10 ጊዜ፤ 2 በ1፣ 8 ጊዜ፤ 3 በ1፣ 7 ጊዜ፤ 5 በ1፣ 5 ጊዜ፤ 8 በ1፣ 3 ጊዜ፤ 20 ደቂቃ ሳታቋርጥ፤ 30 ደቂቃ። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ ቀን እየዘለለች። ከቡድኑ ጋር አትጀምር፤ ብቻዋን፣ በኪሎ ሜትር ከ4:40 እስከ 5:00። ሌሎቹ ሲቀድሟት እያየች ዝም የምትል አትሌት የለችም።

መሬቱ ሜዳና ጠንከር ያለ ኮሮኮንች ይሁን። ብዙ ሰው ለስላሳ ሣር ይሻላል ይላል፤ ተረከዝ ሲሰምጥ ግን ጅማቱ የበለጠ ይለጠጣል። የአስፋልት ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ አንዱን እግር ይጎዳል። ጫማው ከፊቱ ይልቅ ተረከዙ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ የልምምድ ጫማ ይሁን። ሱሉልታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የሜዳውን ክፍል ብቻ ተጠቀም፤ እንጦጦ ለጊዜው ይቅር።

30 ደቂቃ ሦስት ጊዜ በሰላም ከሮጠች መጀመሪያ ደቂቃውን አሳድግ፣ እስከ 60። ከዚያ ሜዳ ላይ 6 ጊዜ 80 ሜትር መፍታት (ዘና ብሎ ፈጠን ያለ ሩጫ)፤ ቀጥሎ አጭር ቴምፖ (ፈጠን ባለ ቋሚ ፍጥነት)፣ 3 ጊዜ 6 ደቂቃ። ዳገቱ ከዚህ በኋላ ነው፤ 6 ጊዜ 45 ሰከንድ፣ በእርምጃ እየወረደች። ትራኩ በልምምድ ጫማ ይጀመር፤ ስፓይኩ የመጨረሻዎቹን 2 ዙር ብቻ። በአንድ ሳምንት ርቀትም ፍጥነትም አትጨምር።

ማስታወሻ ደብተር ስጣት። በየማለዳው ቁርስ ሳትበላ፣ በአንድ ቦታ ቆማ በግራዋ 10 ጊዜ ተረከዟን አንስታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ትጻፍ። የዛሬው ከትናንቱ ካልባሰ ወደፊት፤ በ2 ከጨመረ ያንኑ ደረጃ ትድገም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ደረጃ ትመለስ። ወደ ዜሮ ግን አትመለስም። ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንድ መጥፎ ጠዋት ሲያይ እንደገና ወር ያሳርፋል።

እስከዚያ ትንፋሿ እንዳይወርድ ውሃ ውስጥ ትሩጥ። የሆቴል ገንዳ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ ቀበቶ፣ እግሯ ወለል ሳይነካ። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 10 ጊዜ 2 ደቂቃ በኃይል ከ1 ደቂቃ ዕረፍት ጋር፣ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዣ፤ በሳምንት 4 ቀን። ውሃ ውስጥ የልብ ምት በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ዝቅ ስለሚል ሰዓቱ ላይ ባለው ቁጥር አትዘን። ዋና የማትችል ከሆነ ከጠርዙ አትራቅ፣ ሰውም አጠገቧ ይኑር። ገንዳ ከሌለ የጂም ብስክሌት፤ ፔዳሉን በጣቶቿ ሳይሆን በመሀል እግሯ ትርገጥ።


ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ

ስለ መድኃኒቱ ልጨምር፤ ሳይነገር የሚቀር ነገር ስላለ።

በእነዚህ ወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስዳ እንደሆነ ጠይቋት። ለታይፎይድም ለሽንት ቧንቧም በብዛት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ነው። ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲንም ወገኖቹ ናቸው። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ጅማትን፣ በተለይ አኪለስን ይጎዳል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አስለጥፎበታል። ጉዳቱ በጥቂት ቀናት ሊጀምር፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከስቴሮይድ ጋር ሲደረብ አደጋው ይጨምራል። የጀመረችውን በራሷ ታቋርጥ እያልኩ አይደለም፤ ወደፊት ለሚያክማት ሐኪም «ሯጭ ነኝ፣ አኪለሴ ታማሚ ነው» ብላ ሌላ እንዲታዘዝላት ትጠይቅ።

ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ስለሚሸፍን የጠዋቱ ቁጥር ይዋሻል። ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ውሃ ጠጥታ ሳትጠግብ ስትሠራበት ደግሞ ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል።

የስቴሮይድ መርፌውን በተመለከተ፣ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ቆይቶ ግን ውጤቱ ካልተወጉት ይብሳል፣ ጅማቱም የመበጠስ ዕድሉ ይጨምራል። የዶፒንግ ጉዳይም አለ። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥ ማንኛውም ግሉኮኮርቲኮይድ (የዚህ ዓይነቱ ስቴሮይድ) በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የውድድር ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ በዋዜማው ምሽት 5 ሰዓት ከ59 ላይ ነው። መገጣጠሚያ ወይም ጅማት አካባቢ ሲወጋ ከሰውነት መውጫው 3 ቀን ይባላል፤ ትራያምሲኖሎን፣ ፕሬድኒሶሎንና ፕሬድኒሶን ግን 10 ቀን። ትራያምሲኖሎን ጡንቻ ውስጥ ከተወጋ 60 ቀን ነው። ምን እንደተወጋች፣ የት፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ በስንት ቀን የሚል የሐኪም ወረቀት ሳትይዝ እንዳትወጣ። አጠራጣሪ ከሆነ የኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ምግቧንም አትርሱ። ሯጮች ሲጎዱ እንዳይወፍሩ ብለው ምግብ ይቀንሳሉ፤ የሚጠገን አካል ግን ቁሳቁስ ይፈልጋል። በ51 ኪሎ በቀን ከ80 እስከ 100 ግራም ፕሮቲን፣ በአራት ጊዜ ተከፍሎ። የወር አበባዋ 3 ወርና ከዚያ በላይ ቀርቶ ከሆነ የምትበላው ከምትሠራው እያነሰ ነው ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። ለወንድ አሰልጣኝ መናገር ይከብዳታል፤ ሴት ጤና ባለሙያ ትጠይቃት።


አሰልጣኝ ከሱሉልታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለካን፤ በቀኝ 27፣ በግራ 12። ሲፕሮ ባለፈው ክረምት ወስዳለች፣ አንድ ዙር፤ ሕመሙ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሁዳዴን እየጾመች ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። ክለቡ ደግሞ ከ6 ሳምንት በኋላ ለሚደረግ ውድድር ስሟን ማስገባት ይፈልጋል፤ ደመወዟም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።


ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ

ከባዱን ሥራ ከ9 ሰዓት በኋላ ታድርገው፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳ፤ ዋናው ማዕድ ከሥራው በኋላ ወዲያው ይሁን። በጾም 100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም የሽሮ ዱቄት ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 50 ግራም ለውዝ 12 ያህል። ሽሮው ላይ የአኩሪ አተር ዱቄት ቢጨመር ብዙ ያግዛል፣ መቶ ግራሙ ከ35 በላይ አለውና። የቀኑን ሁሉ በጥቂት ሰዓት ስለምትበላ ቆሎና ለውዝ ከራት በኋላም አጠገቧ ይኑር።


የስፖርት ሥነ ልቦና አማካሪ፣ አዲስ አበባ

ስለ ዝምታዋ፦ የተጎዳ ሯጭ የሚያጣው ውድድር ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳቱን፣ ሰርቪሱን፣ ተራ ይዞ መሮጡን፣ አብሮ ቁርስ መብላቱን ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። «አይዞሽ» ብቻ አይሞላውም። በሳምንት ሁለት ቀን በቡድኑ ሰርቪስ አምጣት፤ ሥራ ግን ስጣት። ሰዓት ትያዝ፣ የየዙሩን ትመዝግብ፤ እግረ መንገዷንም የራሷን ተረከዝ ማንሳት ሜዳው ዳር ትሥራ። ያለ ሥራ ቆማ እንድታይ ከሆነ ግን ባትመጣ ይሻላታል።

ጅማቷን በቀን አሥር ጊዜ ትነካካለች፤ የማይቀር ነው። የጠዋቱን አንድ መለኪያ ብቻ እንድትይዝ ተስማሙ። ከሕመሙ ቁጥር ጎን የምታነሳው ኪሎ ይጻፍ። ሕመሙ ሳምንት ሙሉ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ጀሪካኑ ግን ከ5 ወደ 10 ሊትር ሲሄድ በዓይኗ ታየዋለች።

የምታውቃቸውን ሰዎችም አንሱላት። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ አኪለሱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በነሐሴ 2001 እ.ኤ.አ. በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ብሪስቶል ላይ የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ለሁለት ዓመት ያህል ከትራክ ርቆ በ2011 እ.ኤ.አ. በዴጉው የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ከ19 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26:43.16 ሮጠ። ዴጉ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ አበቃለት ብሎ ነበር። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች ወይም መኖር አስጠላኝ ካለች ግን ይህ የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይዘሃት ሂድ።


ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐዋሳ

12 ለ27 ማለት የግራ ባቷ አቅም ከቀኙ ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። በዚህ እግር ከ6 ሳምንት በኋላ 21 ኪሎ ሜትር አይሮጥም። የሲፕሮው ነገር ስላለ ዝላዩንም ከተለመደው 2 ሳምንት አዘግዩት፤ ኪሎውም በየሁለት ሳምንቱ ከ2 ሊትር በላይ አይጨመር።

ለክለቡ በቃል አይንገሩ፤ ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር ይግባ፦ ዛሬ ግራ 12 ቀኝ 27፤ ሩጫ የሚጀመረው ግራው 20 ሲደርስ፣ ይህም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል፤ ውድድር የሚታሰበው ሩጫ ከተጀመረ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ እንደሆነ። በየ2 ሳምንቱ አዲሱን ልኬት እንደምትልኩላቸውም ጨምሩበት። ክለብ የሚጨነቀው መጨረሻው ያልታወቀ ጉዳት ሲሆን ነው፤ የሚሄድ ቁጥር ሲያይ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። የመጀመሪያው ልኬት የዛሬ 14 ቀን ጠዋት ይሁን፤ ያው ጫማ፣ ያው ግድግዳ፣ ቆጣሪውም እርስዎ ራስዎ። ውጤቱን እዚህ ያስፍሩልን፣ የሚቀጥለውን ኪሎ አብረን እንወስናለን።